የማይታየው ብርሃንና የሰነድ ምስክርነት

የታሪክ ጸሐፊ ዋነኛ ምስክሩ ሰነድ ነው። ሐሰተኛ ሰነድ ደግሞ ጠያቂው ሊሰማው የሚመኘውን መልስ ስለሚሰጥ ከሐሰተኛ ሰው ይልቅ አደገኛ ነው። ለዚህም በምዕራብ ጀርመን የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 25 ቀን 1983 ሽተርን የተባለው መጽሔት በሐምቡርግ ከተማ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ የሂትለርን የግል ማስታወሻ ደብተሮች ማግኘቱን አበሰረ። ደብተሮቹ 9.3 ሚሊዮን ማርክ ወጥቶባቸዋል። የሚሊዮኖችን ደም ያፈሰሰውን ፋሺስት ገራም አድርገው የሚያቀርቡ ነበሩ። የእጅ ጽሑፍ አዋቂዎች አስቀድመው እውነተኛ ናቸው ብለው መስክረው ነበር፤ ለማመሳከሪያ ከቀረቡላቸው ጽሑፎች መካከል ግን የዚያው የአስመሳዩ እጅ ሥራዎች ይገኙባቸው ነበር።

ዓይን የተታለለበትን ጨረር አጋለጠው። ወረቀቱ በልዕለ ሐምራዊ ጨረር ሲመረመር ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ላይ የዋለ የወረቀት ማንጫ ኬሚካል ተገኘበት። ሜይ 6 ቀን የፌዴራሉ ቤተ መዛግብት የደብተሮቹን ሐሰተኛነት ይፋ አደረገ። አስመሳዩ ኮንራድ ኩያውም በ1985 የ4 ዓመት ከ6 ወር እስራት ተፈረደበት።

ከሐምራዊው ወዲያ ይህ ጨረር እንዳለ ሁሉ ከቀዩም ወዲያ ሌላ አለ። በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዊልያም ኸርሸል በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ቢያኖር፣ ከቀዩ አልፎ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ ሙቀት በርትቶ አገኘ። ይህ ታሕተ ቀይ የተባለው ጨረር ነው። ለቀዩ የሚቀርበው ክፍሉ ከ780 እስከ 2500 ናኖሜትር ይደርሳል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ካርል ኖሪስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ ጨረር የእህልን እርጥበትና ፕሮቲን ለመለካት አዋለው። እህሉን ሳይፈጭ የሚመረምር ብርሃን፣ ሰነዱን ሳይቆርጥ ለሚመረምር ዳኛም የሚጠቅም ሆነ።

አሠራሩ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ቁስ ከጨረሩ የሚውጠውና የሚመልሰው መጠን የራሱ ነው። ለዓይን አንድ ዓይነት ጥቁር የሚመስሉ ሁለት የእስክርቢቶ ቀለሞች በታሕተ ቀይ ሲታዩ አንደኛው ደብዝዞ ሊጠፋ፣ ሌላው ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። በደረሰኝ ላይ 1 ቁጥርን ወደ 7 የለወጠች ጭረት የምትጋለጠው እንዲህ ነው። ከብረት ጨውና ከባሉጥ ዛፍ እባጭ የሚዘጋጀው የአውሮጳ ቀለም በዚህ ጨረር ይደበዝዛል፤ የካርቦን ቀለም ግን ጥቁረቱን አይለቅም። በ1950ዎቹ ናጂብ አልቢና በኢየሩሳሌም የሙት ባሕር ጥቅልሎችን በታሕተ ቀይ ፊልም ሲያነሣ፣ ከብራናው ጋር ጠቁሮ የተዋጠው ፊደል ተለይቶ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። የእኛም ጸሐፍት ጥቁሩን ቀለም ከጥቀርሻ ያዘጋጁ ስለነበር፣ ጢስና እድፍ የጋረደው ብራናችን ለዚሁ ብርሃን የተመቸ ነው።

ሆኖም ጨረሩ ስለ ቀለሙና ስለ ወረቀቱ ይመሰክራል እንጂ ብዕሩን የያዘውን ሰው ስም አይጠራም። ሁለት ቀለም መገኘቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ጸሐፊው ብዕር ለውጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው የመርማሪውን ኅሊናና የታሪክ ጸሐፊውን ጥርጣሬ አይተካም። የሽተርን ስሕተት የመነጨው ከመሣሪያ እጦት አልነበረም፤ መሣሪያው ሳለ ከመመርመር ይልቅ ማመን ስለተመረጠ ነው። የሕዝብን ትዝታ የሚጠብቅ ሁሉ፣ መምህርም ይሁን ከያኒ፣ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ደስ ያሰኘውን ሰነድ ነው።