የሥልጣን ሽግግር በደቡብ ኦሞ (2015 ዓ.ም.)

ደቡብ ኦሞ ከሐዋሳ አስተዳደር ወጥቶ ወደ አዲስ ክልል የተሻገረበት ሂደት። ጥር 29 ቀን ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጡ። የወላይታው ድምፅ በታየበት ጉድለት በምርጫ ቦርድ ተሰርዞ ሰኔ 12 ተደገመ፤ የደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ ጂንካም ውጤቱን መጠበቅ ግድ ሆነባት። ነሐሴ 13 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ጥላሁን ከበደ ርዕሰ መስተዳድር ሆነው ተሾሙ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 የክልሉ ከፍተኛ የአስፈጻሚነት ሥልጣን የመስተዳድሩ ነው። ርዕሰ መስተዳድሩን የሚሰይመው የክልሉ ምክር ቤት ነው እንጂ መራጩ በቀጥታ አይደለም። የጂንካ መራጭ እጅ የገባው ወረቀት የጠየቀው ስለ ክልሉ መመሥረት ብቻ ነበር፤ ማን ወንበሩን እንደሚይዝ፣ ማን ቢሮ እንደሚመራ አልጠየቀም። የሕዝበ ውሳኔው ትልቁ ክፍተት ይኸው ነው። የክልሉ መቀመጫዎች በበርካታ ከተሞች ሲከፋፈሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከልነቱ ለወላይታ ሶዶ ደረሰ።