ከማዕከል የሚሰራጭ ትምህርት አዘገጃጀት፤ ከመሠረተ ትምህርት እስከ ድኅረ ምረቃ

በማዕከል ተዘጋጅቶ ወደ ሩቅ ሥፍራ የሚላክ ትምህርት ፍሬ የሚሰጠው የተማሪው ችግር ወደ መምህሩ የሚመለስበት መንገድ ሲኖር ነው። ይህም በወላይታም ሆነ በመላ አገሪቱ ከታዩት ሦስት ተግባራት መረዳት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ከማዕከል የሚላክ ቢሆንም፣ ቁጥራቸው 15 ከደረሰው የዘመቻው ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ስለነበር፣ የወላይታ ገበሬ ንባብን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለመጀመር በቃ። ከዚህም በላይ አስተማሪው ከፊቱ ነበር፤ ፈተናውን ያላለፈውም በማጠናከሪያ ትምህርት እንደገና ይረዳ ነበር።

ሁለተኛው በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት መተላለፍ የጀመረው፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለው ትምህርት ነው። ሥዕሉ የጠራ፣ ዝግጅቱም የተደራጀ ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲፈስ፣ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሣ የሚያየው አልነበረም፤ የክፍሉ መምህርም የሚያስረዳበት ጊዜ ከስርጭቱ በፊትና በኋላ የቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ።

ሦስተኛው የድኅረ ምረቃ የኢንተርኔት ትምህርት ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመውን ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲዎች የገጽ ለገጽ ትምህርት ሲቋረጥ፣ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በኢንተርኔት ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ወሰነ። ዳሩ ግን ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። በመስመር ላይ ብቻ የተመሠረተ ትምህርትም መቋረጡ የግድ ሆነ።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከመሠረተ ትምህርት ተማሪው በዕውቀት ቢርቅም፣ ብቻውን ሲቀር ተስፋ መቁረጡ አንድ ነው። ስለዚህ አዘጋጁ የመምህሩን ማስታወሻ በኢንተርኔት ማስተላለፉ ብቻ ትምህርት አዘጋጀ አያሰኘውም። ጽሑፉና ድምፁ አስቀድሞ ተወርዶ ያለ መስመር የሚጠና፣ የየሳምንቱ ጥያቄ ከተማሪው የሥራ ልምድ የሚነሣ፣ መልሱም በተወሰነ ቀን ከመምህሩ እርማት የሚያገኝ፣ ወደኋላ የቀረውም እንደ ዘመቻው ጊዜ ተፈልጎ የሚረዳ ሊሆን ይገባል። የፕላዝማው ጉድለት ያልተነሣው እጅ ሳይሆን፣ ተነሥቶ ያልታየው እጅ ነበርና።