የሹራብ ጨርቅ ስፌት

የሹራብ ጨርቅ ስፌት በማሽን ከተሠራ የሹራብ ጨርቅ ልብስ ቆርጦ የመስፋትና ጠርዙን የመጨረስ ሥራ ነው። በእጅ የሚሠራ ሹራብ ከመጀመሪያው ጀምሮ የእጅጌና የደረት ቅርጹን ይዞ ያድጋል። በዚህኛው መንገድ ግን ጨርቁ ከጣቃ ላይ በልክ ይቆረጣል፤ ከዚያም በስፌት መኪና ይገጣጠማል። ሥራውን ከሌላ ጨርቅ ስፌት የሚለዩት ሁለት ጠባዮች ናቸው፦ የሹራብ ጨርቅ ሲቆረጥ ይተረተራል፤ ሲሳብ ደግሞ ይለጠጣል። ከዝግጅት እስከ ጠርዝ አጨራረስ ያሉት አብዛኞቹ ዘዴዎች እነዚህን ሁለት ጠባዮች ለመቆጣጠር የተገኙ ናቸው።

የጨርቁ አሠራር

በሽመና የሚሠራ ጨርቅ፣ ለምሳሌ ሸማ፣ ድርና ማግ ተጠላልፈው የሚሠሩት ነው። የተለመደው የሹራብ ጨርቅ ግን ድርና ማግ የለውም። ፈትሉ ቀለበት እየሠራ በአግድም ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ቀለበትም ከበታቹ ባለው ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ጨርቁ ወደ ጎን ሲሳብ ቀለበቶቹ ስለሚከፈቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቁመቱ ይልቅ በወርዱ ይለጠጣል። ስለዚህ ንድፉ ሲዘረጋ በይበልጥ የሚለጠጠው አቅጣጫ በሰውነት ዙሪያ እንዲውል ይደረጋል።

አንድ ቀለበት ሲበጠስ ጎረቤቱ የሚይዘው ያጣል፤ ከዚያም መሰላል የመሰለ ክፍተት እየወረደ ይሄዳል። ፈትሉ ወፍራምና አሠራሩ ልል በሆነ ቁጥር መተርተሩ ይፈጥናል። ጀርሲ የሚባለው ሜዳ ሹራብ ደግሞ ሲቆረጥ ይጠቀለላል፤ የላይና የታች ጠርዙ ወደ ፊት ገጹ፣ የግራና የቀኝ ጠርዙ ወደ ጀርባ ገጹ።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1589 ዊሊያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ ረጅም ካልሲ የሚሠራ የሹራብ ማሽን ፈለሰፈ። ጀርሲ ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ለውስጥ ልብስ ሲያገለግል ቆይቶ፣ በ1910ዎቹ ፈረንሳዊቷ ጋብሪኤል ሻኔል የሴቶች የላይ ልብስ በመሥራት ተወዳጅ አድርጋዋለች። ጠርዝን በአንድ ጊዜ የሚቆርጥና በክር የሚጠቀልለው የኦቨርሎክ መኪና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ኮኔቲከት፣ የሜሮው ቤተሰብ በነበረ የሹራብ ፋብሪካ ውስጥ ተሠራ።

ዝግጅትና አቆራረጥ

ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት መንገድ ይታጠባል፤ ካልሆነ የተሰፋው ልብስ በመጀመሪያው እጥበት ሊጠብ ይችላል። ሱፍ ሙቅ ውኃና መታሸት ስለሚያኮማትረው በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል። ከታጠበ በኋላ አይሰቀልም፤ ተዘርግቶ ይደርቃል።

ሲቆረጥ ሙሉ ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ መሆን አለበት። ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ ታች ከተንጠለጠለ በራሱ ክብደት ይለጠጣል፤ የተቆረጠው ክፍል ሲለቀቅም ከልኩ ያጥራል። ስፒል ቀለበቶቹ ውስጥ ስለሚጠፋ ንድፉን በክብደት መያዝ ይመረጣል። ወፍራም ጨርቅ ሳይታጠፍ በአንድ ንብርብር ይቆረጣል።

በጣም ልል ለሆነ ጨርቅ ከመቁረጥ በፊት መስፋት ይቻላል። በኖርዌይ ባህላዊ የሹራብ ሥራ እንደ ቱቦ የተሠራ ሹራብ ፊቱ ሲከፈት፣ በሚቆረጠው መስመር ግራና ቀኝ አስቀድሞ ይሰፋል፤ ከዚያ መሐሉ ይቆረጣል።

መርፌና ስፌት

ሹል መርፌ ፈትሉን ሊበጥስ ስለሚችል ጫፉ ክብ የሆነ የጀርሲ መርፌ ያስፈልጋል፤ ይህ መርፌ በፈትሎች መካከል ገፍቶ ያልፋል። ለመካከለኛ ውፍረት ቁጥር 80/12 ወይም 90/14 ይበቃል።

ተራው ቀጥ ያለ ስፌት አይለጠጥም። ሹራቡ በጭንቅላት ሲገባ ጨርቁ ሲሳብ ክሩ ይበጠሳል። በተራ የስፌት መኪና ወርዱ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ጠባብ ዚግዛግ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይለጠጣል። ኦቨርሎክ ካለ በአራት ክር መገጣጠምና ጠርዙን መጠቅለል በአንድ ጊዜ ያልቃል። በብዙ የኦቨርሎክ መኪኖች የፊትና የኋላ ጥርሶች ጨርቁን የሚገፉበት ፍጥነት ይስተካከላል፤ የፊቱ ሲፈጥን ጠርዙ ሳይለጠጥ ይሰፋል። በተራ መኪና ደግሞ የእግሩን ጫና መቀነስና ከጨርቁ ሥር ስስ ወረቀት አድርጎ መስፋት ይረዳል፤ ወረቀቱ በኋላ ይቀደዳል።

የትከሻ ስፌት ከሌላው ይለያል። የእጅጌዎቹን ክብደት የሚሸከመው እሱ ስለሆነ እንዲለጠጥ አይፈለግም። ቀጭን የጥጥ ጥብጣብ አብሮ ይሰፋበታል።

የጠርዝ አጨራረስ

አራት የተለመዱ ዘዴዎች አሉ፦

1. የሪብ ቅጥያ፦ ሪብ ቁመታዊ ሸንተረር ያለው፣ ተለጥጦ የሚመለስ ሹራብ ነው። ለአንገት የሚቆረጠው ቅጥያ ከአንገቱ ዙሪያ ከ75 እስከ 85 በመቶ ያህል ይሆናል። የአንገቱ ዙሪያ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ቅጥያው ከ45 እስከ 51 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የስፌት ትርፍ ይጨመርበታል። ቅጥያውም አንገቱም በአራት እኩል ቦታ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ሲሰፋ የሚለጠጠው ቅጥያው ብቻ ነው።
2. እጥፋት፦ ጠርዙ አንድ ጊዜ ብቻ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይታጠፋል፤ ሁለት ጊዜ ቢታጠፍ ይወፍራል። በመንታ መርፌ ወይም በእጅ ላላ ተደርጎ ይሰፋል። በፋብሪካ ከነቴራ ጠርዝ ላይ የሚታዩት ሁለት ትይዩ የስፌት መስመሮች ለዚህ ሥራ በተለየ መኪና የሚሰፉ ናቸው።
3. መጠቅለያ፦ ወፍራም ጠርዝ በስስ የጀርሲ ቁራጭ ይሸፈናል።
4. ያለ ስፌት መተው፦ ሆን ተብሎ በሙቅ ውኃ የተኮማተረ ሱፍ ፈትሎቹ እርስ በርስ ስለተያያዙ አይተረተርም፤ እንደተቆረጠ ሊተው ይችላል።

የተለመዱ ጉድለቶች

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ጉድለት እንደ ማዕበል የሚጥመለመል ጠርዝ ነው። ምክንያቱ ጨርቁ ሲሰፋ መለጠጡ ነው። ጠርዙ ሱፍ ከሆነ ካውያውን ሳያስነኩ ከላይ በእንፋሎት ማሞቅ ወደ ልኩ ሊመልሰው ይችላል። አክሪሊክ ግን በሙቀት ጠፍጣፋና ልል ሆኖ ይቀራል፤ ይህም አይመለስም። ቅጥያው ከመጠን በላይ ካጠረ አንገቱ ይሸበሸባል፤ ከረዘመ ደግሞ ከሰውነት ይርቃል። የጨርቆች የመለጠጥ መጠን ስለሚለያይ መርፌውም፣ ስፌቱም፣ የቅጥያው ልክም አስቀድሞ ከዚያው ጨርቅ በተረፈ ቁራጭ ላይ ይሞከራሉ።

የተሰፋው ሹራብ በመስቀያ ላይ ከቆየ ትከሻውና ቁመቱ ስለሚለጠጥ ታጥፎ ይቀመጣል።