ዎርድፕረስን በራስ ሰርቨር ላይ ለመትከልና የመረጃ ቋቱን ለማዋቀር የሚረዳ መረጃ

ድረ-ገጹን በራሱ ሰርቨር ላይ የሚያስተዳድር ድርጅት ወይም ግለሰብ የተገልጋዮችን ስም፣ ስልክ ቁጥርና አድራሻ የመጠበቅ ኃላፊነት አብሮ ይወስዳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ይህንን ግዴታ ያስቀምጣል።

ቅድመ ሁኔታዎች

ዎርድፕረስ ያለክፍያ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። ለመሥራት የዌብ ሰርቨር፣ ፒኤችፒ እንዲሁም ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ የተሰኘ የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ያስፈልገዋል። ጽሑፎችና የተጠቃሚዎች መዝገብ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ሲቀመጡ፣ ፎቶግራፎችና ተያያዥ ሰነዶች ግን በሰርቨሩ ማህደሮች ውስጥ በፋይልነት ይቀመጣሉ።

የአሠራር ቅደም ተከተል

1. የመረጃ ቋቱ ሲፈጠር የፊደል ሥርዓቱ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 እንዲሆን ይደረጋል። ላቲን1 ከተመረጠ የአማርኛ ጽሑፍ በጥያቄ ምልክቶች ሊተካ ይችላል፤ በዚህ መልክ የተመዘገበ ጽሑፍም ተመልሶ አይገኝም።

2. ለመተግበሪያው ብቻ የሚያገለግል ተጠቃሚ በጠንካራ የይለፍ ቃል ይከፈታል፤ ፈቃዱም በዚሁ የመረጃ ቋት ላይ ይወሰናል። ሙሉ ሥልጣን ያለውን የ«ሩት» ተጠቃሚ ለዚህ ተግባር ማዋል አይገባም።

3. የመረጃ ቋቱ ስም፣ የተጠቃሚው ስም፣ የይለፍ ቃሉና የሰርቨሩ አድራሻ በዎርድፕረስ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ይሞላሉ። ፋይሉ የይለፍ ቃል ስለያዘ ሌሎች ተጠቃሚዎች እንዳያነቡት መከልከል አለበት።

4. ማይኤስኪውኤል የሚጠቀምበት ፖርት 3306 ለኢንተርኔት ዝግ መሆን ይኖርበታል። ለጎብኚዎች ፖርት 80 እና 443 በቂ ናቸው።

5. በጎብኚውና በሰርቨሩ መካከል የሚተላለፈው መረጃ እንዲመሰጠር የኤችቲቲፒኤስ የምስክር ወረቀት ይተከላል። ሌትስ ኢንክሪፕት ይህንን ያለክፍያ ይሰጣል።

መጠባበቂያ ቅጂ

ፋይሎቹን ብቻ መቅዳት ጽሑፎቹን አያድንም፤ የመረጃ ቋቱን ብቻ መቅዳትም ፎቶግራፎቹን አያስቀርም። ስለሆነም የሁለቱም ቅጂ በአንድ ጊዜ ተወስዶ ከሰርቨሩ ውጭ መቀመጥ አለበት። የመረጃ ቋቱ ቅጂ በማይኤስኪውኤልደምፕ ወይም በተመሳሳይ መሣሪያ ይወሰዳል። ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ ካልተሞከረ አስተማማኝ ነው ማለት አይቻልም።

ግንኙነት ሲቋረጥ

ድረ-ገጹ ከመረጃ ቋቱ ጋር መገናኘት እንዳልቻለ የሚገልጽ መልእክት ካሳየ፣ በቅድሚያ የመረጃ ቋቱ አገልግሎት እየሠራ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ቀጥሎ በተራ ቁጥር 3 የተገለጹት አራት መረጃዎች ይመሳከራሉ። መረጃው በአብዛኛው በቦታው ያለ በመሆኑ፣ ይህ ሳይጣራ የመረጃ ቋቱን ማጥፋት ወይም እንደ አዲስ መፍጠር አይገባም።