የፓንጋ ያ ሳይዲው ሕፃን

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ታሪኬ የአንድ ሕፃን ነው። የሞተው ከ78,000 ዓመት በፊት ነው፤ በዛሬዋ ኬንያ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ብዙም በማይርቀው ፓንጋ ያ ሳይዲ በተባለ ዋሻ ተቀበረ። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ የለምና አጥኚዎቹ በስዋሂሊ «ምቶቶ» አሉት፤ ልጅ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ቁፋሮው ከዋሻው ወለል ሦስት ሜትር ያህል ሲወርድ የአንዲት ትንሽ ጉድጓድ ጠርዝ ታየ። በ2017 ጉድጓዷ ስትገለጥ ውስጧ ያለው አጥንት ሲነካ የሚፈረፈር ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ በአንድ ቢለቅሙት አመድ ሊሆን ነው። ከነአፈሩ በጀሶ ሸፍነው አነሡትና መጀመሪያ ናይሮቢ ወደሚገኘው ሙዚየም፣ ከዚያ ባሕር አሻግረው ስፔን፣ ቡርጎስ ከተማ ወዳለ የምርምር ማዕከል ወሰዱት። ከአፈሩ ላይ ብቅ ያሉ ጥርሶች ነበሩና ዕድሜው በእነሱ ታወቀ፤ ገና ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም።

አሁን አቀማመጡን ልብ በሉልኝ። በቀኝ ጎኑ ተኝቷል፤ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ታጥፏል። አጥንቱ ከአጥንቱ ሳይለያይ መገኘቱ ሳይውል ሳያድር አፈር መልበሱን ይመሰክራል። የትከሻውና የጎድኑ አጥንቶች አኳኋን ደግሞ ከወገቡ በላይ ጠበቅ ተደርጎ መገነዙን ያሳያል። መግነዙ ቅጠል ወይም ቆዳ ሊሆን ይችላል። ጭንቅላቱስ? ከአንገቱ ዘንበል ብሎ ወርዷል፤ ከሥሩ የነበረው ነገር በስብሶ ሲያልቅ ባዶው ቦታ ውስጥ ገባ።

ትራስ ነበረው ማለት ነው። ለሞተ ልጅ ትራስ! እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ ይህ ነው። ጉድጓዱን ቆፍሮ፣ ልጁን አጣጥፎና ጠቅልሎ ካስተኛ በኋላ አንገቱ እንዳይጎረብጠው የተጨነቀ ሰው ነበረ። ሐዘን ያኔም ሐዘን ነበር።

በእኛም አገር ከዚህ የሚቀድም ምስክር አለ። አፋር ውስጥ ሔርቶ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1997 የተገኘው የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ራስ ቅል 160,000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ዶክተር ብርሃነ አስፋውና ባልደረቦቻቸው ሲመረምሩት በድንጋይ ስለት ሥጋው የተገፈፈበት ምልክት ታየ፤ አጥንቱም ከእጅ ብዛት ለስልሷል። ከሞተ በኋላም ቅሉን ሲይዙት፣ ሲያነሡት ኖረዋል።

የምቶቶን ትራስ ያወቅነው አጥንቱ ከቦታው ስላልተነቃነቀ ብቻ ነው። ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው፦ መሠረት ስታወጡም ሆነ ጉድጓድ ስትቆፍሩ የቆየ አጥንት ካጋጠማችሁ አታንሡት፤ ቁፋሮውን አቁማችሁ ለአካባቢያችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ።