ወደ ጎጃም የሚመጣውና ከጎጃም የሚሄደው ሰው

ሰው ያለ ምክንያት ከተወለደበት ቀዬ አይነሣም። እኛም ሰውን ወደ አገራችን ወደ ጎጃም ደጋ የሚያመጣውና ከዚያም የሚያወጣው ነገር ምን እንደ ሆነ ለመመርመር ወደድን።

ሰውን ወደዚህ ከሳቡት ነገሮች አንዱ ትምህርት ነው። ቅኔ የሚሻ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከየአገሩ ወደ ዋሸራ፥ ወደ ጎንጅና ወደ ዲማ ይመጣ ነበር። ሁለተኛው ቤተ መንግሥት ነው። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ሲያሰኟት፥ ወታደሩም፥ ነጋዴውም፥ ባለ እጁም ተሰበሰበባት።

የሚያወጣው ግን ይልቁንም የመሬት ጥበት ነው። ርስት ከአባት ወደ ልጅ፥ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ ሲከፋፈል እያነሰ ሄደ። በ1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ በ1989 ዓ.ም. በክልሉ እንደ ገና ተደለደለ፤ ዳሩ ግን ሰው በዛ እንጂ መሬቱ አልሰፋም። ስለዚህ ጎልማሳው ሰሊጥ ለማጨድ ወባ ወዳለበት ቆላ፥ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል። ሌላውም ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል።

እንግዲህ ብዙው የመጣው ለዕውቀት ነው፤ ብዙው የሚሄደው ለእንጀራ ነው። ከኛም መካከል ነገ የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው። መሄድ ነውር አይደለም፤ የቅኔው ተማሪም ቤቱን ትቶ ነበር የመጣው። ነገር ግን ከነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ መምህር ሆነው ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር። እኛስ? ለሚመለሰው የሚተርፍ መሬት የለምና፥ በእርሻ ብቻ የማይቆም ሥራ እዚሁ መፍጠር የኛ ትውልድ ዕዳ ነው።