ጓሳ፦ ያልታረሰው ርስት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጻድቁ አባታችን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በ60 አናብስትና በ60 አናምርት ተከበው እንደሚሣሉ ታውቃላችሁ። ለመሆኑ እኛስ ከርስታችን ለአራዊት ያስቀረነው ስፍራ አለን?

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኘውን ጓሳን ተመልከቱ። በአገሩ ትውፊት አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያንን ደጋ ርስት አድርገው ያዙት፤ ነገር ግን ለእርሻ አላዋሉትም። ለግጦሽና ለጓሳ ሣር ብለው ለዘሮቻቸው በጋራ አቆዩት። ቄሮ በተባለው ሥርዓት፣ በተመረጡ አለቆች ጥበቃ፣ ምድሪቱ ለዓመታት ተዘግታ ታርፍ ነበር። ሥርዓቱም ከቤተ ክርስቲያናችን በዓላት ጋር የተሳሰረ ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይውላል። አባቶች ለአራዊት ብለው ባይከልሉትም፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በዚያ መጠለያ አገኙ።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስት ይዞታን ሲሽር ቄሮም ፈረሰ፤ ሣሩም ያለ ገደብ ይታጨድ ጀመር። ኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ መክሮ ጥበቃውን መለሰ፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው።

ልብ በሉ! አባቶች ምድሪቱን የሰጡት አንድ ጊዜ ነው፤ ልጆች ግን ሣር እያስፈለጋቸው ማጭዳቸውን በሰበሰቡ ቁጥር ዳግመኛ ሰጥተዋታል። ስጦታን የሚያጸናው ወራሹ ነው። አዳም በገነት የተሾመው ሊያበጃትም ሊጠብቃትም ነውና፣ እኛም በአጥቢያችን ቅጽር የተረከብነውን ዛፍ ሳናጎድል ለተተኪው እናስረክብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።